ቀብድ መስሎኝ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ጤና ይስጥልኝ። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ልብስ ሰፊ ነኝ። ጥምቀት እየደረሰ ስለሆነ ቀን ላይ ከስፌት መኪናዬ ቀና የምልበት ጊዜ የለኝም። ይህን የምጽፍላችሁ ቤቱ ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው።

የእኔ ሥራ ያለ ቀብድ አይሠራም። ጨርቅ መርጦ፣ ተለክቶ፣ ቀብድ ሳያስይዝ የወጣን ሰው ልብስ አልቆርጥም። ስለዚህ ስለ ቀብድ የሚያስተምረኝ ሰው ያለ አይመስለኝም ነበር። ባለፈው ዓመት ግንቦት ግን ዴልሂ ያለ አንድ ማረፊያ ቤት አስተማረኝ።

ታላቅ እህቴ የልብ ቫልቭ ሕመም አለባት። ሐኪሞቿ ውጭ ብትታከም ይሻላል ሲሉን ቤተሰቡ አዋጥቶ ሕንድ እንድትሄድ ተወሰነ። አስታማሚ እኔ ሆንኩ። የሆስፒታሉ የቀጠሮ ደብዳቤ ሲመጣ ማረፊያም አስቀድማችሁ ያዙ ተባልን። ልጇ ዱባይ ነው የሚሠራው። በስልኩ ፈላልጎ ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስ ቤት አገኘና የ3 ሌሊት 105 ዶላር በካርዱ ከፈለ። «አጎቴ፣ አታስብ፤ ካልሆነም እስከ ሜይ 20 በነፃ ይሰረዛል» አለኝ። ማረጋገጫውን ላከልኝ፤ እኔም አየሁት። ሜይ 20፣ ከምሽቱ 11:59 ይላል።

ቪዛው ዘገየ። ቀጠሮውም ተገፋ። ሜይ 20 ግንቦት 12 መሆኑን አልሳትኩም፤ ግድግዳዬ ላይ ያለው ካላንደር ላይ በቀይ አክብቤበታለሁ። ሰዓቱንም ወደ እኛ አዙሬዋለሁ። የፈረንጅ 11:59 ለእኛ ሌሊት 6 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። እንግዲህ እስከ እኩለ ሌሊት ጊዜ አለኝ ብዬ፣ ምናልባት ቪዛው ዛሬ ይወጣ እንደሆነ ብዬ፣ ቀኑን ሙሉ ጠበቅሁ። ሱቄን ዘጋሁ፣ ቤቴ ገባሁ፣ እራት በላሁ። ቡና ተፈላ። አቦሉን ጠጣሁ፣ ቶናውን ደገምኩ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ ደወልኩለትና «በል ሰርዘው» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «አጎቴ፣ ተመላሽ አይሆንም ይላል እኮ» አለኝ።

ለካ ሰዓቱ የዴልሂ ነው። ዴልሂ ከእኛ 2 ሰዓት ተኩል ትቀድማለች። እኔ ቶና ስጠጣ እዚያ ሌሊት ተጋምሶ ሜይ 21 ገብቷል። በሩ እኛ ጋ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ29 ላይ ተዘግቷል ማለት ነው። አቦሉ ላይ ብደውል ኖሮ ይደርስ ነበር። አገር ከአገር በሙሉ ሰዓት ብቻ ሳይሆን በተኩልም እንደሚቀድም ያወቅሁት ያን ለታ ነው።

105 ዶላር በዚያ ሰሞን የባንክ ምንዛሪ 14 ሺህ ብር ገደማ ነበር። ሐምሌ 22፣ 2016 ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከመደረጉ በፊት፣ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ሳለ ቢሆን ኖሮ፣ ያው ስህተት 6 ሺህ ብር ብቻ ያስወጣኝ ነበር። እህቴ ስትሰማ «የእኔን ልብ ላሳክም ብለህ የራስህን አቃጠልኸው» አለችኝ። እየሳቀች ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም።

ከደንበኞቼ አንዱ ጠበቃ ነው። ሱሪ ሊያሳጥር ሲመጣ ነገሩን አጫወትኩትና «ቀብድ በልተውኛል» አልኩት። «ቀብድ አይደለም፤ ቀብድ ቢሆን ኖሮ ይሻልህ ነበር» አለኝ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ስልኩ ላይ አውጥቶ አንቀጽ 1885ን አነበበልኝ። ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢያፈርስ ቀብዱ ይቀርበታል። የተቀበለው ቢያፈርስ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ልብ በሉ፣ እጥፉን። ቀብድ ሁለቱንም ወገን ያስራል። እኔም ሳላውቀው በዚሁ ስሠራ ኖሬያለሁ፤ አንድ የሠርግ ካባ በቀኑ ሳላደርስ ቀርቼ እጥፍ ከፍዬ አውቃለሁ። ሽማግሌ ፈርዶብኝ ነው እንጂ አንቀጹን ማን ነግሮኝ።

የውጭ አገሩ ክፍያ ግን በዚህ ሕግ አይዳኝም። እኛን የሚያስረው እሺ ብለን የተጫንነው የማረፊያ ቤቱ ውል ነው። እሱም እንግሊዝኛ ነው፤ ፊደሉም ጉንዳን ያክላል። ሆቴሉ ክፍል ሞላብኝ ቢል ብዙ ጊዜ የከፈልከውን ይመልስልሃል እንጂ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። ይህን ባውቅ ኖሮ ውድም ቢሆን ስትደርስ የሚከፈለውን አስይዝ ነበር። «ተመላሽ የማይሆን» የሚባለው ክፍል ዋጋው የሚረክሰው ለካ ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ጊዜ ላይ ጠንቃቃ ሆንን። ልጁ በጣም ርካሽ ቤት አግኝቶ ነበር፤ ከመክፈሉ በፊት ቢጠይቅ የውጭ አገር ሰው አንቀበልም አሉት። ሕንድ ውስጥ የውጭ ዜጋ ያሳደረ ቤት ሁሉ በ24 ሰዓት ውስጥ በተለምዶ ፎርም ሲ የሚባል ቅጽ ሞልቶ ለመንግሥት ማሳወቅ አለበት። አንዳንዱ ትንሽ ቤት ለዚህ ራሱን አያደክምም። ሌላ ቦታ የአንድ ሌሊት ተከፍሎ ተያዘ። ከሦስት ቀን በኋላ ለልጁ መልእክት መጣ፦ ካርድዎ አልተረጋገጠም፣ በ12 ሰዓት ውስጥ ይህን ሊንክ ካልነኩ ክፍሉ ይሰረዛል። የእህቴ ስምም የምንገባበት ቀንም ትክክል ነው። እኔ ብሆን ነክቼው ነበር። እሱ ግን ድረ ገጹ ላይ ባለው ስልክ ሆቴሉን ደውሎ ጠየቀ። አልላክንም አሉት። የሆቴሎችን አካውንት ሰብረው ገብተው እንዲህ የሚልኩ ሌቦች አሉ አሉን።

ይህን ሁሉ አልፈን ዴልሂ ስንደርስ እህቴ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ነበረች። ሪሴፕሽን ላይ ያለው ወጣት ፓስፖርታችንን ተቀብሎ፣ ፈገግ ብሎ፣ «የተከፈለበትን ካርድ» አለኝ። ካርዱ ዱባይ ነው፤ የልጁ ኪስ ውስጥ። የካርዱ ባለቤት ካልመጣ ካርዱን ወይም የፈቃድ ደብዳቤ ያስፈልጋል አለ። ለልጁ ደወልን፤ የማታ ፈረቃ ላይ ነው፣ አያነሳም። እህቴ ነጠላዋን ጠቅልላ አንገቷ ሥር አድርጋ ዓይኗን ጨፈነች። አንድ ሰዓት ያህል ተቀመጥን። በመጨረሻ ከባንክ ለጉዞ የገዛሁትን ዶላር ከቀበቶዬ ሥር አውጥቼ ቆጠርኩለት፤ በካርዱ የተከፈለው ደግሞ ይመለሳል ተባለ። ተመለሰም፤ 11 ቀን ፈጀ። ወጣቱ ጥፋት የለበትም፤ ሻይም አምጥቶላታል።

አንዳንድ ባንኮቻችን ለተጓዥ በውጭ ምንዛሪ የሚሞላ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ በራሱ ስም እንደሚያወጡ የሰማሁት ከተመለስኩ በኋላ ነው። ዶላሩን ስገዛ መስኮቱ ላይ የነበረው ሰው ፓስፖርቴን፣ ቪዛዬን፣ ትኬቴን አገላብጦ አይቷል። ካርድ አለ ግን አላለኝም። እኔም አልጠየቅሁ።

እዚህ ላይ ነው ልጽፍ የተነሣሁት። ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ቀሚስ ልታሰፋ መጣች። ልጇ ጀርመን ትመረቃለች፤ ሆቴሉን በርካሽ ይዘን ጨርሰን ከፍለናል አለችኝ። ቪዛው ወጣ ወይ? ገና ነው። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 2016 ላይ ለእኛ ዜጎች የቪዛ መጠበቂያውን ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን አስረዝሞታል። ለማመልከቻ የሚከፈለው 90 ዩሮም ተከለከልክ ተብሎ አይመለስም። የሆቴሉ ስረዛ የሚያልፈው መቼ ነው ብላት አታውቅም። ልጄ ታውቃለች አለች። መለኪያዬን አስቀምጬ አሁኑኑ ደውዪላት አልኳት። እንደ እብድ ሳታየኝ አልቀረችም።

ትኬት የሚቆርጡልን ቢሮዎችና ዶላር የሚሸጡልን ባንኮች ግማሽ ገጽ አማርኛ ማዘጋጀት ያቅታቸዋል? ይህ ክፍያ ይመለሳል ወይስ አይመለስም፣ የስረዛው ሰዓት በጎንደር ስንት ነው፣ የማን ስም ያለበት ካርድ ይዘህ ትቀርባለህ። ከዚህ በላይ አልጠይቅም። ጋዜጣችሁም ባለሙያ ጋብዞ ቢያጽፍበት ከእኔ ቢጤው ልብስ ሰፊ የተሻለ ያስረዳል።

እህቴ ደህና ናት። ለጥምቀት ጥልፍ ቀሚስ አዝዛኛለች፤ ቀብድ ክፈይ ብላት ስድብ ነው የከፈለችኝ። እኔ ግን ከዚያ ወዲህ ደረሰኝ ላይ ቀኑን ብቻ አልጽፍም። «ጥር 8፣ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በጎንደር» ብዬ ነው የምጽፈው። ደንበኞቼ ይስቃሉ።

አክባሪያችሁ፣
ልብስ ሰፊው
ከጎንደር