ትናንት ማታ በስልክ ያልኩሽን ተይው

ለልጄ፣

እንደምን አለሽ የኔ እናት? እኛ ደኅና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ወንድምሽ ፈተናውን ጨርሷል። አዳማ ነፋሱ ብሷል። የመኪና መለዋወጫ ሱቁን በቀን ሦስቴ ብጠርገውም አቧራው ከብሎኑ ጣሳ ላይ አልለቅም ብሏል።

ይህን የምጽፍልሽ ትናንት ማታ ስላልኩሽ ነገር ነው። እያለቀስሽ ደወልሽልኝ። የአውሮፕላን ጥገና በምትማሪበት ቦታ 10 ቁጥር ቁልፍ ከመሣሪያ ሳጥንሽ ጎደለና ራስሽ ሄደሽ ለአስተማሪሽ ተናገርሽ። ሥራው ሁሉ ቆመ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰው ሁሉ ተንበርክኮ በባትሪ ሲፈልግ ቆየ። በመጨረሻ ከአውሮፕላኑ ሞተር ሽፋን ውስጥ፣ ጠርዙ ላይ ተገኘ። ምሳ ያለፋቸው ጓደኞችሽ አኮረፉሽ። እኔም ሳላስብ «ምነው ዝም ብትይ፣ ቁልፍ እንደሆነ ሌላ ይገዛል» አልኩሽ። ምንም አልመለስሽልኝም። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

ያልኩሽን ተይው። ተሳስቻለሁ። ያ ቃል ከየት እንደወጣ ግን አውቀዋለሁ፤ ልንገርሽ። ለአባትሽ እንኳ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አልነገርኩትም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሽ ሱቁን ሁለት ቀን ዘግቼ መተኛቴን ታስታውሻለሽ? «ራሴን አሞኛል» ብዬሽ ነበር። ራሴን አላመመኝም።

ከዚያ ጥቂት ቀን ቀደም ብሎ፣ አንድ ምሽት ልዘጋ ስል የሚኒባስ ሾፌር መጣ። መኪናው ቶዮታ ነው። ከኋላ ጎማው ሁለት ዳዶ ጎድሎበታል። የቶዮታው አልቆብኝ ነበር። እጄን የተደባለቀው የኒዶ ጣሳ ውስጥ ከተትኩና ሁለት አወጣሁ። የሚገባበት ብሎን ውፍረት ያው 12 ሚሊሜትር ነው። በዓይኔ ሳየው ልክ መሰለኝና ሰጠሁት። ጥርሱን አላየሁም። የአብዛኛው ቶዮታ የጎማ ዳዶ በጥርስና በጥርስ መካከል ያለው ርቀት 1.5 ሚሊሜትር ነው፣ የኒሳን ደግሞ 1.25። እኔ የሰጠሁት የኒሳኑን ነበር። እንዲህ ያለው ዳዶ በእጅ ሲያስገቡት አንድ ሁለት ዙር እሺ ይላል። ከዚያ ይከብዳል። ሾፌሩ ከበሩ ላይ ሆኖ በቁልፍ አስገድዶ አዞረውና «አሁን ጠበቀ» አለ። አልጠበቀም። ጥርሱ ተበልቶ ነው የቆመው።

በማግስቱ ወንጂ መንገድ ላይ ዳዶዎቹ ለቀቁ፤ ሌሎቹም ላሉና ጎማው ወጣ። መኪናው መንገዱን እየፋቀ ዳር ላይ ቆመ። ሰው አልሞተም። የረዳቱ ክንድ ግን ተሰበረ፤ ገና ልጅ ነበር። ሾፌሩ የተበላውን ዳዶ ይዞ መጣ። እኔ ገና ሳየው ገባኝ። እሱ ግን «ብሎኑ ነው ያረጀው» አለኝ። ዝም አልኩ። አዲስ ዳዶ በነፃ ሰጠሁት። ለረዳቱ ማሳከሚያ በሰው እጅ ብር ላክሁ፤ ለምን እንደላክሁ አልተናገርኩም። ከዚያ በኋላ ነው ካሊፐሩን (የውፍረት መለኪያውን) እና የጥርስ መለኪያውን የገዛሁት። ጣሳዎቹን አብረን ስንለይ «እማዬ ዛሬ ምን ነካሽ፣ ሁሉንም ካልለካሁ አልሽ» ብለሽኝ ነበር።

«ምነው ዝም ብትይ» ያልኩሽ እኔ ያኔ ዝም ስላልኩ ነው። ያንን ላንቺ ማውረስ አልፈልግም።

ለገና በዓል ልትጠይቂን ስትመጪ የነገርሽኝ የእንግሊዙ አውሮፕላን ከልቤ አልጠፋም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 10 ቀን 1990 የብሪቲሽ ኤርዌይስ በረራ 5390 ከበርሚንግሃም ተነሥቶ ገና 13 ደቂቃ ሳይሞላው፣ 17,000 ጫማ አልፎ ሳለ የፊት መስታወቱ ተነቅሎ በረረ። ካፒቴኑን አየሩ ከወገቡ በላይ ወደ ውጭ ጎተተው። አስተናጋጆቹ እግሩን ይዘው፣ ረዳት አብራሪው ሳውዝሃምፕተን አሳረፈው። ካፒቴኑም ተረፈ፣ ሌላውም ሰው ሁሉ ተረፈ። ያን ቀን አንቺ ስለ ካፒቴኑ ነበር የምታወሪው። እኔ ግን ልቤ የቀረው ከሌላ ሰው ጋር ነው።

መስታወቱ ከ27 ሰዓት በፊት በሌሊት ተረኛ ተቀይሮ ነበር። ከ90 ብሎን 84ቱ ቀጭን ነበሩ። ልዩነቱ 0.66 ሚሊሜትር ነው፤ አንድ ሚሊ እንኳ አይሞላም። 6ቱ ደግሞ አጭር ነበሩ። የቀየረው ሰው ሰነፍ አልነበረም፤ የዕለቱ ኃላፊ ነበር። አሮጌውን ብሎን ይዞ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ሄደ። የግምጃ ቤቱ ሰው ለዚያ ሥራ የሚሆነው ሌላ ቁጥር እንደሆነ ነገረው። አንድ ጊዜ ነገረው፣ አልገፋበትም። ኃላፊው ወደ ሌላ፣ ጠባቂ ወደሌለውና መብራቱ ደካማ ወደሆነ መሳቢያ ሄዶ በዓይኑ አመሳስሎ ወሰደ። ያ ሥራ በሌላ ሰው ዓይን እንዲታይ ደንቡም አያስገድድም ነበር።

እኔ የማስበው ያንን የግምጃ ቤት ሰው ነው። እንደ እኔ ብሎን ሰጪ ነው። ትክክለኛውን ያውቅ ነበር። «ጌታዬ፣ ይህ አይደለም፣ መዝገቡን ገልጠን እንይ» ብሎ ሁለተኛ ቢናገር ኖሮ! አንቺ ትናንት የሠራሽው እሱ ያልሠራውን ነው። ሰው ተቆጥቶብሽም ተናገርሽ።

የአውስትራሊያውን አየር መንገድ የኳንታስን ነገርም ያነበብሽልኝ አንቺ ነሽ። እ.ኤ.አ. በ2023 ማብቂያ ሎስ አንጀለስ ላይ ትልቁ ኤርባስ ኤ380 ሞተሩ ሲፈተሽ የናይለን መሣሪያ ውስጡ ቀረ። መሣሪያው መጉደሉ እየታወቀ ሥራው አልቋል ተብሎ ተፈረመና አውሮፕላኑ ሄደ። ከ290 ሰዓት በላይ፣ 34 በረራ አብሮት በረረ። ከዚህ አንጻር ያንቺ ሁለት ሰዓት ምንድነው? ምሳ ያመለጣቸው ልጆች ነገ በራሳቸው መሣሪያ ላይ ይደርስባቸዋል። ያን ጊዜ ቀድመሽ ተንበርክከሽ ፈልጊላቸው። ቂም አትያዢ።

«እስካሁን ጎማ መሸከምና ብሎን እንዳይላላ ሽቦ ማሰር ብቻ ነው» ብለሽ ማዘንሽንም አስቤዋለሁ። እውነት ነው፤ ገና የሌላ ሰው ፊርማ ሥር ነሽ። ግን አንቺው እንደነገርሽኝ በዓለም አቀፉ ደንብ የጥገና ላይሰንስ ለማግኘት ዕድሜ 18 መሙላት ብቻ አይበቃም። የታወቀ ሥልጠና ለጨረሰ ሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ላልሠለጠነ አራት። ስለዚህ ዲፕሎማው መጨረሻ አይደለም። ሽቦውን ስታስሪ ብሎኑን ወደሚያጠብቅበት አቅጣጫ እንዲስብ አድርገሽ ነው የምታስሪው ብለሽኝ ነበር። በተቃራኒው አቅጣጫ ካሰርሽው ሽቦ ያለ ይመስላል እንጂ ሥራ አይሠራም። ይህን ለይቶ የሚያውቅ ልጅ ሽቦ ብቻ እያሰረ አይደለም።

በእጅሽ ስሜት አትመኚ። የእኔ ሾፌር «ጠበቀ» ያለው በእጁ ስሜት ነው። ቶርክ ሬንቹን (ምን ያህል እንደጠበቀ የሚለካውን ቁልፍ) ከመያዝሽ በፊትም ጥርሱን እይ፣ ቁጥሩን ከመጽሐፉ ጋር አስተያዪ። ጥርሱ የተሳሳተ ዳዶም ቢሆን ቶርኩን ሊያሳይሽ ይችላል።

አንድ ነገር ከንግዴ ልጨምርልሽ። በኛ ገበያ «ኦርጅናል ነው» የማይባል ዕቃ የለም። ካርቶኑ ይታተማል፣ ስቲከሩም ይለጠፋል። እኔ እንኳ ስንት ዘመን ሸጬ አንዳንዴ እጠራጠራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1989 የኖርዌዩ ፓርትኔር ኩባንያ አውሮፕላን ከኦስሎ ወደ ሃምቡርግ ሲሄድ አየር ላይ ተበታትኖ 55 ሰው አለቀ፤ አንዱ ምክንያት የጭራውን ክንፍ ከያዙት ብሎኖች አብዛኞቹ ኦርጅናል አለመሆናቸው ነው። ከመኪና ይልቅ እናንተ ዘንድ የሚሻለው ለእያንዳንዱ ዕቃ ቁጥርና ወረቀት መኖሩ ነው። ወረቀት የሌለው ብሎን ቢያምርም፣ ቢያብረቀርቅም፣ ሰው ቢቸኩልም እንቢ በይ። «እናቴ መለዋወጫ ሻጭ ናት፣ አውቀዋለሁ» በይ፤ አላፍርበትም፣ አትፈሪበት።

ሌላው ትንሽ ትንሹ ነው። ቀለበትሽን ሥራ ስትገቢ አውልቂ። ማተብሽን ከቱታው ሥር አስገቢው እንጂ አትፍቺው። ፀጉርሽን ሹሩባ ተሠሪ። የሌሊት ተረኛ ስትሆኚ ቀን ተኝተሽ ግቢ፤ ያ መስታወት የተቀየረው ሊነጋጋ ሲል ነው። በሶና ቆሎ ከጎረቤታችን ልጅ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ሰኞ ይደርስሻል። ጓደኞችሽንም አብይ፣ ያኮረፉትንም ጭምር።

ያ ረዳት አሁን ራሱ ሾፌር ሆኗል። አዳማ–ቢሾፍቱ ይሠራል። ክንዱ ትንሽ ጎበጥ እንዳለ ቀርቷል። አንዳንዴ ፊውዝና አምፖል ሊገዛ ሱቅ ይመጣል፤ «እማማ» እያለ ይጠራኛል። ቅዳሜ ተራ ሲጠብቅ መናኸሪያው ሄጄ ልነግረው ነው። ሾፌሩንም አፈላልጌ እነግረዋለሁ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እደውልልሻለሁ፤ ስልክሽን ክፍት አድርጊ።

እናትሽ
ከአዳማ