ስለ ዳርፉር ለሁላችሁም

ሰላም አባላት፣

በሱዳን ዳርፉር ስላለችው ኤል ፋሸር ከተማ ብዙ ጥያቄ ስለደረሰን ባጭሩ ልመልስ። ዓመተ ምሕረቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው።

የጸጥታው ምክር ቤት በሰኔ 2024 በውሳኔ 2736 ከሱዳን ጦር ጋር የሚዋጋው የፈጥኖ ደራሽ ኃይል (RSF) የከተማዋን ከበባ እንዲያቆም ጠይቆ ነበር። ማን ሰማው? ከተማዋ በጥቅምት 2025 በዚሁ ኃይል ተያዘች፣ ግድያው ተከተለ። የሱዳን ጦርም ንጹሕ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት መርማሪ ቡድን ሁለቱም ወገኖች የጦር ወንጀል ፈጽመዋል ብሏል።

«ታዲያ ማን ይጠይቃቸዋል?» ላላችሁት፦ ዓለም አቀፉ የወንጀል ፍርድ ቤት በዚህ ጉዳይ ሥልጣኑ የመጣው ከጸጥታው ምክር ቤት የ2005 ውሳኔ 1593 ነው። ያ ውሳኔ ዳርፉርን ብቻ ይመለከታል። ሱዳን የፍርድ ቤቱ አባል ስላልሆነች ከዳርፉር ውጭ፣ በካርቱም ወይም በጀዚራ፣ የተፈጸመው ከእጁ ውጭ ነው። ለእኔ ትልቁ ክፍተት ይሄ ነው፤ እያረቀቅነው ያለው ደብዳቤም ሥልጣኑ መላ ሱዳንን እንዲሸፍን ቢጠይቅ ይሻላል። «እናወግዛለን» የሚለውን እንቀንሰው፣ በዝቷል። መርማሪ ቡድኑ መላ አገሪቱን ያያል፤ ግን ማስረጃ ይሰበስባል እንጂ አይከስም።

ፍትሕ ይዘገያል። የዳርፉር የጃንጃዊድ ሚሊሻ መሪ የነበረው አሊ ኩሻይብ በ2003 እና 2004 በፈጸመው ወንጀል ጥፋተኛ የተባለው በ2025 ነው። ስለዚህ ቪዲዮ ከደረሳችሁ ዋናውን ፋይል ሳትቆርጡ አስቀምጡ። ማን እንደላከውና መቼ እንደደረሳችሁ ለብቻ መዝግቡ። የተራፊዎች ፊት የሚታይበትን ግን እባካችሁ አታሰራጩ፤ ዘመዶቻቸው ገና እዚያው ናቸው።

በደብዳቤው ረቂቅ ላይ ያላችሁን አስተያየት እስከ ዓርብ ላኩልኝ።