የእድራችን መዝገብ ተገኘ፤ እግዜር ይስጥልን

የተከበራችሁ የካዛንቺስ ሰዎች፣ እንደምን ከረማችሁ።

የሆነውን ታውቁታላችሁ። 2017 ሲብት ሰፈራችን ፈርሳ ምን እንደሆነች፣ ማን ገላን ጉራ እንደገባ፣ ማን ዘመድ ቤት እንደተጠጋ እዚህ አልደግመውም። ዛሬ የመጣሁት ለምስጋና ነው። ጠፋ ያልነው የእድሩ ባሕር መዝገብ ተገኝቷል። ፎቶውም ተነሥቶ አልቋል፣ ስልካችሁ ላይ ገብቶላችኋል።

ከሁሉ በፊት እማማን ላመስግን። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። የድሮው ጸሐፊያችን ባለቤት ናቸው ካልኩ የሰፈር ሰው ያውቃቸዋል።

ያን ቀን ሁላችንም ፍሪጅና ቁም ሣጥን ስንሸከም እማማ መጀመሪያ ያስጫኑት የመዝገቡን ካርቶን ነው። የጭነት ልጆቹ እንደነገሩኝ አንደኛው "ወረቀቱ ይቆይ፣ መጀመሪያ አልጋውን እንጫን" ቢላቸው፣ "እሱ ካልሄደ እኔም አልሄድም" ብለው ካርቶኑ ላይ ቁጭ አሉ። ከዚያ ማን ያንቀሳቅሳቸው?

ደግሞ የዚያን ቀን ብቻ አይደለም እኮ። ባለቤታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ካረፉ በኋላ ጸሐፊ በጸሐፊ ሲተካ አሮጌዎቹን መዝገቦች የት ናቸው ብሎ የጠየቀ የለም። እሳቸው ግን ክረምት በወጣ ቁጥር እያወጡ ያናፍሷቸዋል፣ ናፍታሊን ይጨምሩባቸዋል፣ አይጥ ሲመጣ ከአልጋ ሥር አንሥተው ቁም ሣጥን አናት ላይ ይሰቅሏቸዋል። ለዚህ ሁሉ አንድ ሰው እንኳ እግዜር ይስጥልኝ አላላቸውም። እማማ፣ እንግዲህ ዛሬ በአደባባይ እግዜር ይስጥልኝ። ዕድሜ ከጤና ያድልልን።

ፎቶ ልናነሣ ስንሄድማ ቡናው ተፈልቶ፣ ቆሎው ቀርቦ ጠበቀን። ግን ቆሎ የነካ እጅ ሳይታጠብ ገጽ መግለጥ የለም! የባለቤታቸውን የእጅ ጽሑፍ የሚያነቡልንም እሳቸው ነበሩ። መዝገቡ ላይ "የባለወፍጮው አማች" ተብሎ ብቻ የተጻፈ ሰው አለ። ማን እንደሆነ፣ ስንት ልጅ እንደነበረው፣ መዋጮውን ለምን እንደሚያዘገይ ሳይቀር ነገሩን። የመጨረሻውን አልጻፍኩትም።

እስቲ አንድ ገጽ ላሳያችሁ። እሑድ መስከረም 5 ቀን 1967። ንጉሡ ከወረዱ ገና ሦስተኛ ቀን ነው፣ አገር ቀውጢ ሆኗል። የእኛ እድር ቃለ ጉባኤ ግን "አንድ ትልቅ ማንቆርቆሪያ ስለ ጠፋ ዕቃ ቤት ያዡ ይጠየቅ" ይላል። ሌላ ምንም የለም። በሳቅ ሞትን። የዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ አዋጅ 47 ወጥቶ ትርፍ ቤት ሲወረስ ግን መዝገቡም ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ "በእገሌ ግቢ ያለ" እየተባለ ይመዘገብ የነበረው ሁሉ ከዚያ ወዲህ በቀበሌ የቤት ቁጥር ተጻፈ።

1970 ላይ ስንደርስ ሳቃችን ቆመ። ለለቅሶ የወጣ ዕቃ የሚመዘገብበት ገጽ አለ። የሟች ስም፣ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት ይላል። እዚያ ላይ ሦስት ስሞች አሉ፣ ከጎናቸው ግን አንድ ብርጭቆ እንኳ አልወጣም። ልጁ የተገደለበት ሰው እንዳያለቅስ የሚከለከልበት ጊዜ ነበር። ድንኳን አልተተከለላቸውም፣ ጥሩምባም አልተነፋላቸውም። ጸሐፊያችን ግን ስማቸውን ከነአባታቸው አስፍረዋል። በዚያ ዘመን ይህ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። እማማ ስሞቹን ጮክ ብለው አነበቡና ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳቡ። ያንን ገጽ የለጠፍነው የሦስቱም ቤተሰቦች ፈቅደውልን ነው።

ወዴት ሄድኩ። ምስጋና ላይ ነበርኩ።

ጥሩምባ ነፊያችን፣ አንተንም እግዜር ይስጥህ። ስለ መዝገቡ ለመንገር ኮንዶሚኒየም ለኮንዶሚኒየም ስትዞር ሰው በር ከፍቶ ባየህ ቁጥር "ማን ሞተ?" እያለ ሲደነግጥ ታግሠህ አስረድተሃል። ማንም አልሞተም፣ መዝገብ ተገኝቶ ነው!

ፕላስተር አትለጥፉበት፣ ላሚኔት አታስደርጉት፣ ፀሐይ ላይም አታስጡት ብሎ በጊዜ ያስቆመን የመዛግብት ባለሙያም ተባረክ። ልጆቹ ፕላስተሩን ገዝተው መጥተው ነበር።

የኮሚቴ አባላት፣ ፎቶ ያነሣችሁ ወጣቶች፣ ከዋሽንግተን፣ ከሪያድና ከቤሩት ስም እየለያችሁ የረዳችሁን ሁሉ፣ ክበሩልን።

ስሙን ያላነሣሁት ሰው ብዙ ነው፣ አውቃለሁ። በተለይ የሴቶች እድር እናቶች፣ እንዳትቀየሙኝ። ጽሑፉ እንዳይረዝም ብዬ ነው፣ ይኸው ረዘመ። የዕዳና የጸብ ገጾችን ደግሞ ሆን ብለን አላወጣንም። የጎረቤትን የ1958 ዕዳ ለማወቅ በውስጥ መስመር የምትጽፉልኝ ሰዎች፣ በእናታችሁ ተዉኝ።

አንድ ነገር ቀርቶናል። ከ1976 እስከ 1979 ያለው ጥራዝ የለም። ጀርባው ቀይ ጨርቅ፣ ወፍራም ነው። ምናልባት የአንዳችሁ ቤት ከልጆች ደብተር ጋር ተቀላቅሎ ይሆናል። ያገኛችሁት ብቅ አድርጉልን፣ ፎቶ አንሥተን እንመልሳለን። እስካሁን የት ነበር ብሎ የሚጠይቃችሁ አይኖርም።