ቦራን ማን ገዛው?

ሜልቦርን፣ ታኅሣሥ

አቡሽዬ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሰላምታውን ላሳጥረውና ወደ ጉዳዬ ልግባ። ይህን ደብዳቤ መጀመሪያ ብቻህን አንብበው። ለእማዬና ለአባባ የምታነብላቸውን መጨረሻ ላይ ለይቼ ጽፌልሃለሁ።

የድምፅ መልእክትህን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። "አባባ ለሠርጉ ብለው ፈረሱን፣ ቦራን፣ ሸጡት" አልከኝ። ወዲያው አስከትለህ ደግሞ፣ "ጋሼ፣ ያ ቪዲዮውን የላክህልኝ የፈረስ ውድድር ከቤት ሆኖ በስልክ መወራረድ ይቻላል አሉ። እንዴት ነው የሚጀመረው? ለሠርጉ የሆነች ነገር ብትገኝ" አልክ። ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ስትናገራቸው ሆዴ ተላወሰ። የሚያያይዛቸውን ነገር አንተ አታውቅም። እኔ አውቃለሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡ። ትናንት 900 ዶላር በባንክ ልኬያለሁ፤ በስምህ ነው። ይህ ለቦራ ነው። ለድግሱም ለቀሚሱም አይደለም፤ ለእሱ በጥር መጀመሪያ ሌላ እልካለሁ። ነገ ዛሬ ሳትል ገዥውን ፈልገው። እንጅባራ ገበያ ላይ ከሆነ የተሸጠው ደላላው ያውቀዋል። ከገዛበት ጨምረህ ስጠው። አትከራከር።

ከመስከረም ጀምሮ ለምን እንደጠፋሁ ጠይቀኸኝ ነበር። ለእማዬ "ሥራ ቀዝቅዞ ነው" አልኳት። ሥራው አልቀዘቀዘም። ሌሊት ሌሊት መጋዘን ውስጥ ካርቶን እጭናለሁ፤ ደመወዙም በየሳምንቱ ይገባል። ጀርባዬን ትንሽ ይዞኝ ነበር፣ አሁን ተሽሎኛል። ለእህታችን ሠርግ ያስቀመጥኩት ብር ግን የለም። ፈረስ ላይ ነው ያለቀው። አባባ ቦራን የሸጡት እኔ ሳልልክ ስለቀረሁ ነው። ይኸው ነገርኩህ።

እንዴት እንደጀመርኩት ልንገርህ፤ የጠየቅኸኝም እሱን አይደል።

ይህ አገር ለፈረስ ያለው ፍቅር ለጉድ ነው። የሜልቦርን ዋንጫ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1861 ነው። በየዓመቱ በኖቬምበር የመጀመሪያው ማክሰኞ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ይሮጣል። እናንተ ዘንድ ገና ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ርቀቱ 3,200 ሜትር ነው፤ እስከ 24 ፈረስ ይሰለፋል። ለሦስት ደቂቃ ከምናምን ሩጫ ሲባል ቀኑ በሕግ በዓል ሆኖ ይውላል። ሜዳው ያለው ፍሌሚንግተን ነው፤ የእኔም ሰፈር ስሙ ያው ነው። ሐበሻ የሚበዛባቸው የመንግሥት ፎቆች አሉ ብዬህ አልነበር? እዚያ ነው ያለሁት።

አምና ከበዓሉ በፊት በነበረው ሌሊት፣ ሥራ ቦታ የ24ቱን ፈረሶች ስም በወረቀት ቆራርጠው ካርቶን ውስጥ ከተቱት። አምስት አምስት ዶላር አዋጥተን አንድ አንድ ወረቀት አነሳን። የእኔ ሁለተኛ ወጣ፣ 30 ዶላር ደረሰኝ። ሩጫውን ያየሁት ቤቴ ሆኜ በቴሌቪዥን ነው፤ በነፃ ይተላለፋል። መስኮቱን ስከፍተው የሕዝቡ ጩኸት ከሜዳው ይሰማል። ብቻዬን ክፍሌ ውስጥ ቆሜ "በለው! በለው!" እያልኩ ጮህኩ። እዚህ አገር ከገባሁ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም።

ከዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ ማየት ጀመርኩ። ፈረስ ብቻ የሚያሳይ ነፃ ጣቢያ አለ። ከሩጫው በፊት ፈረሶቹን እየሳቡ ያዞሯቸዋል፤ እኔ የምወደው እሱን ነው። አባባ ገበያ ላይ እንደሚያዩት አያለሁ። ጆሮው ቆሟል ወይ? አንገቱን እንዴት ይዟል? በኋላ እግሮቹ መሃል አረፋ አለ ወይ? ሳይሮጥ በላብ የተነከረ ፈረስ ጉልበቱን እዚያው ጨርሷል። ቀጥሎ ወረቀቱን ማንበብ ተማርኩ። ከስሙ አጠገብ የተደረደሩት ቁጥሮች ያለፉት ሩጫዎቹ ናቸው። 1 አንደኛ ነው፣ 3 ሦስተኛ፣ 0 ደግሞ አሥረኛ ወይም ከዚያ በታች። የኤክስ ምልክት ካለ መሃል ላይ ለወራት አርፏል ማለት ነው። በዋንጫው ዓይነት ውድድር ጎበዙን ፈረስ ከባድ ያሸክሙታል፣ ደካማውን ቀለል ያደርጉለታል። ሜዳው ደረቅ ነው ወይስ ጭቃ፣ ፈረሱ የሚነሳው ከስንተኛው በር ነው፣ ይህንንም ታያለህ። ደስ ይላል። አልዋሽህም፣ እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል።

መወራረዱ ቀላል ነው። ገደሉም ቀላልነቱ ነው። ስልክህ ላይ አካውንት ትከፍታለህ፣ ማንነትህን ያረጋግጣሉ፣ ከባንክህ ብር ታስገባለህ። በክሬዲት ካርድ መወራረድን እ.ኤ.አ. በ2024 ከልክለዋል፤ የራስህ ብር ግን ዓይንህን ሳታርገበግብ ይገባል። ፈረሱ አጠገብ 4.50 ከተጻፈ፣ አንድ ዶላር አስይዘህ ሲያሸንፍ 4.50 ይመለስልሃል፤ ያስያዝካት ዶላር እዚያው ውስጥ ናት። "ዊን" አንደኛ ከወጣ ብቻ ነው። "ፕሌስ" ስምንትና ከዚያ በላይ ፈረስ ሲሮጥ ከአንድ እስከ ሦስት ከወጣ ይከፍላል፣ ክፍያው ግን ትንሽ ነው። "ኢች ዌይ" ሁለቱን ባንዴ ነው፤ አምስት ዶላር ስትል አሥር ይወስድብሃል። "ትራይፌክታ" ሦስቱን በቅደም ተከተላቸው መገመት ነው።

ሰው ሁሉ የሚያወራልህ የእ.ኤ.አ. 2015ቱን ዋንጫ ነው። ሚሼል ፔይን ያን ዓመት ዋንጫውን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ ሴት ጋላቢ ሆነች። ፈረሷ ፕሪንስ ኦፍ ፔንዛንስ ማንም አልጠበቀውም፤ አንድ ዶላር ላስያዘ 101 ከፈለ። እኔም ይህን ታሪክ ይዤ ነው የገባሁት። ከዚያ የባሰው ደግሞ ፈረስ አውቃለሁ ማለቴ ነው። የአባባ ልጅ ነኝ፣ ኮርቻ ላይ ያደግሁ ነኝ፣ እነዚህ ቢሮ የሚውሉ ሰዎች ምን ያውቃሉ እል ነበር።

አሁን የገባኝን ልንገርህ። ጥሩ የሚመስለኝን ፈረስ ሌላውም አይቶታል። ሰው ሲበዛበት ዋጋው ወዲያው ይወርዳል፤ የማውቀው ነገር ቀድሞ ተሸጦ አልቋል። ደግሞ ሒሳቡን ተመልከት። እኩል ዕድል ያላቸው አራት ፈረሶች ቢሮጡ ትክክለኛው ዋጋ አራት አራት ዶላር ነው። አወራራጁ ድርጅት ግን 3.50 ይጽፋል። አራቱም ላይ አንድ አንድ ዶላር ብታስቀምጥ አራት አውጥተህ 3.50 ይመለስልሃል። ሃምሳዋ ሳንቲም የእነሱ ናት። ማንም ፈረስ ያሸንፍ፣ እሷ የእነሱ ናት። በቀን አንድ ሩጫ ቢሆን ባልከፋ። እዚህ አንዱ ሲያልቅ ሌላው ከተማ ይጀምራል። ከሥራ ሌሊት 8 ሰዓት ስገባ እንግሊዝ አገር እየሮጡ ነው። ጫማዬን ሳላወልቅ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ስልኩን እይዛለሁ። ቀና ስል መስኮቱ ነግቷል።

በስምንት ወር 4,300 ዶላር ሄደ። አሸንፌም አውቃለሁ፤ አንድ ቀን 640 አግኝቼ ለእማዬ ጋቢ ገዝቼ ልልክ ነበር። ሳልልከው እሱም አለቀ። ሁለት ሳምንት ስተው "ነፃ ውርርድ ሰጥተንሃል" የሚል መልእክት ይመጣልኛል። ማስታወቂያው መጨረሻ ላይ መንግሥት ያስገደዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፣ ልትሸነፍ ነው የሚል ዓይነት። በየቀኑ እሰማው ነበር።

የእህታችን ሽማግሌዎች መጥተው ቀኑ መቆረጡን የነገርከኝ ሰሞን አካውንቴ ውስጥ 11 ዶላር ነበር። እንኳን ደስ አላችሁ ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ነው የጠፋሁት። የተበሳጨሁባችሁ መስሏችሁ ከሆነ ይቅር በሉኝ። እውነቱን ለመናገር በአንተም ተናድጄ ነበር። "የውጭ ሰው ብር አያጣም" ስትል አጥንቴን ነካኸኝ። ቆሜ የምሠራበትን ሌሊት አታየውም። ግን ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንጂ አንተ አይደለህም።

በጥቅምት መጀመሪያ ዘጋሁት። ቤትስቶፕ የሚባል የመንግሥት መዝገብ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ነው የተከፈተው። ስምህን አንዴ ካስመዘገብህ በአገሩ ፈቃድ ያለው የስልክና የኢንተርኔት አወራራጅ ሁሉ ሊያስተናግድህ አይችልም። ትንሹ ሦስት ወር ነው፣ ትልቁ ዕድሜ ልክ። እኔ ዕድሜ ልክ የሚለውን ነካሁ። የዘንድሮውን ዋንጫ ሳልወራረድ አየሁት፤ ያን ቪዲዮ የላክሁልህም ደስ ብሎኝ ነው። ደስታዬ አንተን ወደዚያው ይጠራሃል ብዬ አላሰብኩም።

ስለዚህ አካውንቱን አልከፍትልህም። በእኔ ስምም፣ በማንም ስም አትሞክረው። የኳሱን ቤቲንግ ቤትም ተወው፣ እለምንሃለሁ። ፈረሱን ማየት ከፈለግህ የድሮዎቹን ዋንጫዎች ኢንተርኔት ላይ ታገኛቸዋለህ። ማካይቢ ዲቫ የምትባለዋን ባዝራ እይ፤ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2005 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸንፋለች። አቡሽ፣ የመጨረሻዎቹን 400 ሜትሮች ስትመጣ እያት!

ባለፈው እሑድ ሙዚየም ሄጄ ነበር። ፋር ላፕ የሚባለው የእ.ኤ.አ. 1930 የዋንጫው አሸናፊ ፈረስ ቆዳው ተሞልቶ በመስታወት ውስጥ ቆሟል። ቀይ ነው፣ ረጅም። ልቡ ካንቤራ ነው ያለው፣ ከ6 ኪሎ በላይ ይመዝናል። አጥንቱ ደግሞ የተወለደበት ኒውዚላንድ። ሕፃናት መስታወቱን እየደበደቡ ያልፋሉ። እኔ ብዙ ቆምኩ። የቦራ አፍንጫ እጄ ላይ ሲተነፍስ የነበረው ሙቀት ትዝ አለኝ፤ ገብስ ያለበት እጅ ሲያሸት። ከግንባሩ እስከ አፍንጫው የወረደው ነጭ መስመር ጫፉ ላይ ወደ ግራ ዞር ይላል፣ አስተውለኸዋል? ገዥው ሌላ ፈረስ ቢያቀርብልህ በእሱ ለየው።

ከዚህ በታች ያለውን ለሁሉም አንብብላቸው።

እማዬ፣ ጤናዬ ጥሩ ነው። እበላለሁ፣ ሹሮ እዚህ ሞልቷል። በረዶ የለም፣ አታስቢ። አሁን እዚህ በጋ ነው። ሰፈራችንን ያለበሰው የደከረንስ ዛፍ የመጣው ከዚህ አገር ነው፤ ባሕር ዛፉም እንደዚያው። ዝናብ ሲያባራ ሽታው የእኛ ደጃፍ ነው። አንዳንድ ቀን ከባቡር ወርጄ ዝም ብዬ እቆማለሁ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።

እህቴ ሙሽራዬ፣ ቀኑ ሲቆረጥ ድምፄ ቀዝቀዝ ብሎብሽ ነበር። ከአንቺ አልነበረም። ትንሽ ሆነሽ ጀርባዬ ላይ ሆነሽ ወንዝ ያሻገርኩሽ ልጅ ልትዳሪ ነው ብዬ ነው የማስበው። አጃቢ ፈረሰኞቹ ሲመጡ ከፊት ማን እንደሚሆን ጻፊልኝ። ሚዜዎችሽን ስማቸውን ሁሉ ጻፊልኝ። ባልሽን አላውቀውም፤ ስልክ ስጪውና አንድ ቀን ያናግረኝ። ዳቦው ሲቆረስ የእኔን ድርሻ ለእማዬ ስጪያት።

አባባ፣ የደም ግፊቱን መድኃኒት ተሻለኝ ብለው እንዳያቋርጡ። ጉልበትዎን ያየው ሐኪም ተመለሱ ካለዎት ይመለሱ፤ የመኪናውን እኔ እከፍላለሁ። ቦራን በእኔ ምክንያት እንደሸጡት አውቃለሁ። አንድም ቃል አላሉኝም። ያ ነው የከበደኝ። እዚህ ፈረስን በቁጥርና በዋጋ ይጠሩታል። እኛ ዘንድ ሰው ነው በፈረሱ የሚጠራው፤ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። እርስዎንም ገበያው አባ ቦራ ነው የሚልዎት። ይህን ስም የሸጥኩብዎት ያህል ነው የሚሰማኝ።

ጥር 23፣ የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል፣ ሳይደርስ ቦራ ይመለሳል። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ከቆመ ጀምሮ ከቤታችን ሰው ቀርቶበት አያውቅም ይሉን ነበር፤ ዘንድሮም አይቀርም። ኮርቻውንና ግላሱን ግን ሸጠውት ከሆነ ይንገሩኝ፣ እሱንም እልካለሁ።

አቡሽ፣ የዚያን ቀን ስልክህን ሙላው። ሽምጡንና ጉግሱን ሌሎቹም ይቀርጹታል። አንተ ከቤት ጀምር። አባባ ግራ እግራቸውን እርካቡ ውስጥ ሲያስገቡ፣ ቦራ ጆሮውን ወደ ኋላ ሲመልስ፣ እሱን ቅረጽልኝ።

ወንድምህ