ለሰሜን ሸዋ ወገኖቻችን፦ ስለ ክሊፑ የቀረበ ምስጋና

የዘፈናችን ክሊፕ በሰላም ተጠናቆ ለሕዝብ ደርሷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ከደብረ ብርሃን እስከ ሸዋ ሮቢት፣ ከጣርማበር እስከ መሐል ሜዳ ለደከማችሁልን እናቶች፣ አባቶች፣ እህቶችና ወንድሞች ክብረት ይስጥልን። በደፈናው አመስግኖ ማለፍ ልፋታችሁን ማሳነስ ስለሚሆን ማን ምን እንደሠራ ይታወቅልን።

የመንዝ ተወዛዋዦች ይቅደሙ። ሁሉም በዝግታ እየተንቀሳቀሰ የዘፋኟ ከንፈር ግን ከዜማው ጋር ልክ የሚሄድበት ክፍል የኮምፒውተር ሥራ አይደለም። ካሜራው በሰከንድ 50 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ሲቀርጽ ዘፈኑ በእጥፍ ፍጥነት ይለቀቃል። ኤዲቲንግ ላይ በ25 ፍሬም ሲጫወት እንቅስቃሴው በግማሽ ይዘገያል፤ ከንፈሩም ከዋናው ዘፈን ጋር ይገጥማል። ጣጣው በደቂቃ 92 የነበረው ምት 184 መሆኑ ላይ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ በዚያ ፍጥነት እስክስታ መውረድ ትንፋሽ ይጨርሳል። እናንተ ምት ሳትስቱ ወረዳችሁት!

ጣርማበር ላይ ስፒከር የተሸከማችሁ ወጣቶች፣ ውለታችሁ አይታይም እንጂ ትልቅ ነው። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 340 ሜትር ገደማ ነው። ስፒከሩ 34 ሜትር ቢርቅ ዜማው ዘፋኟ ጋ የሚደርሰው አንድ አሥረኛ ሰከንድ ዘግይቶ ነው፤ ያን ያህል ስታ የዘፈነችውን ተመልካች ወዲያው ያውቅባታል። እናንተ ከካሜራው እይታ ውጪ ሆናችሁ፣ በዚያ ነፋስ፣ ከ5 ሜትር ሳትርቁ ተከተላችኋት።

ባትሪዎቹን በጋቢያችሁ ሥር ላሞቃችሁ እናቶችም ምስጋናችን ይድረሳችሁ፤ ሙሉ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል፣ ሲሞቅ ግን ያገግማል። ሾፌራችንም ከደጋው ወደ ሸዋ ሮቢት ከመውረዳችን በፊት ካሜራውን በላስቲክ አስጠቅልሎናል። የቀዘቀዘ ሌንስ የቆላ አየር ሲነካው ያልበዋልና ሙቀቱን እስኪለምድ አይከፈትም።

ማሲንቆ ተጫዋቹ አባታችን ያስተማሩን ብዙ ነው። ጉም የማሲንቆን ቆዳ ያረጥበዋል፤ የረጠበ ቆዳ ይላላል፣ ድምፁም ይደፈናል። እሳቸው ከፍም ራቅ አድርገው ቀስ ብለው አሞቁት፤ ሲጠጋ ይሰነጠቃል። ከዚያ ጭራውን በዘፈኑ ቅኝት ወጠሩ፣ ደጋኑን ሙጫ ቀቡ። ማይኩ ከ30 ሳንቲሜትር በላይ እንዳይቀርብ ያሉትም እሳቸው ናቸው፤ ሲቀርብ ከዜማው ይልቅ ፍጭቱ ይጎላል።

የጓሳ ጥብቅ ሥፍራ ጠባቂዎች ድሮን እንዳይነሣ መከልከላችሁ ትክክል ነበር። ጭላዳዎቹ ገደል ውስጥ አድረው ጠዋት ወደ ሜዳው ሲወጡ፣ ከሩቅ በረጅም ሌንስ ያስቀረጻችሁን ምስል የክሊፑ ምርጡ ነው እንላለን።

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ከዋኝም፣ ማለትም ተጫዋቹም ተወዛዋዡም፣ በክዋኔው ላይ መብት አለው። ስለዚህ ከማሲንቆ ተጫዋቹና ከተወዛዋዦቹ ጋር የጽሑፍ ውል ይዘናል፤ ስማቸውም ክሊፑ መጨረሻ ላይ ተጽፏል። ስሙ የተዘለለ ወይም የተሳሳተበት ካለ ይንገረን፤ ይታረማል።

የክሊፑ አዘጋጆች