ደህና በዋላችሁበት ቀን ጉልበታችሁን አትጨርሱት

ፋይብሮማያልጂያ (መላ ሰውነትን ለረጅም ጊዜ የሚያሳምም በሽታ) ወይም ሥር የሰደደ ድካም ያለባችሁ ውድ አባላት፣

ትናንት ደህና ውዬ ዛሬ ለምን ወደቅኩ ለምትሉ፦ ድካሙ ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ብዙ ጊዜ ከሥራው ከ12 እስከ 48 ሰዓት በኋላ ስለሚጀምር ቅዳሜ እንጀራ ጋግራችሁ ሰኞ ልትተኙ ትችላላችሁ።

ለሁለት ሳምንት የሠራችሁትን፣ እንቅልፋችሁንና ሕመማችሁን ከ0 እስከ 10 መዝግቡ። ሕመሙ ሳይቀሰቀስ 20 ደቂቃ መቆም የምትችሉ ከሆነ፣ 15 ደቂቃ ሲሞላ ተቀመጡ፤ ደህና ቢሰማችሁም። ከባዱ ይሄ ነው፣ በተለይ እንግዳ ባለበት ቤት። ሽንኩርቱን ተቀምጦ መክተፍ፣ ልብሱን ለሁለት ቀን ከፍሎ ማጠብ ስንፍና አይደለም።

እንቅስቃሴ ለሁሉም አንድ አይደለም። ፋይብሮማያልጂያ ብቻ ያለበት ሰው ከ5 ደቂቃ እርምጃ ጀምሮ ቀስ በቀስ ቢጨምር ይጠቅመዋል። ከጥረት በኋላ የሚብስበትን ሥር የሰደደ ድካም ያለበትን ሰው ግን፣ ቢያመውም ባያመውም በየሳምንቱ ጨምር የሚል ፕሮግራም ሊጎዳው ይችላል። የእንግሊዝ የሕክምና መመሪያም እ.ኤ.አ. በ2021 እንዲህ ያለው ቋሚ ጭማሪ ለእነዚህ ሕሙማን እንዳይታዘዝ ብሏል።

ቡና ከምሳ በፊት ይብቃ። ማታ የምትወስዱት አሚትሪፕቲሊን (ለሕመምና ለእንቅልፍ የሚታዘዝ መድኃኒት) ጠዋት የሚያደነዝዛችሁ ከሆነ፣ ሰዓቱን ቀደም ስለማድረግ ሐኪማችሁን ጠይቁ፤ በራሳችሁ ግን አታቋርጡት።