ጽሑፉን ከማባዛትህ በፊት

ይድረስ ለወንድሜ ለተስፋዬ፣

እንደምን ሰነበትክ? አዎ፣ ጠፍቻለሁ፤ ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስንገናኝ ትቀጣኛለህ። አሁን ያስቸኮለኝ ለተማሪዎችህ ያዘጋጀኸው የዓድዋ ጽሑፍ ነው። ከዊኪፒዲያ መቅዳትህስ ይሁን፣ ሳታጣራ ግን ምነው?

ሁለተኛውን አንቀጽ እየው። ጦርነቱ በ1888፣ የውጫሌ ውል በ1889 ይላል። ጦርነቱ ሰበቡን ቀደመው እኮ! አንዱ ቁጥር በእኛ፣ ሌላው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ነው። ውሉ የተፈረመው ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ነው፤ ዓድዋ የካቲት 23 ቀን 1888። ወደ ፈረንጆቹ ስትመልስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት 7፣ ከዚያ ወዲህ እስከ ጳጉሜን 8 ደምር። ከእንግሊዝኛ በተተረጎመ ጽሑፍ ላይ «ዓ.ም.» የምትለዋን አትመናት፤ ቁጥሩ ሳይመለስ ትለጠፋለች።

የግርጌ ማስታወሻው መብዛቱም አያታልልህ። ሦስቱን መርጠህ መጽሐፉን ግለጥና ገጹ ያንን ማለቱን እይ። የጣልያን ሟቾች ቁጥር ላይ በተለይ፦ አንዱ ጸሐፊ ነጮቹን ብቻ ይቆጥራል፣ ሌላው ለጣልያን የተሰለፉትን አፍሪካውያን ወታደሮች፣ አስካሪዎቹን፣ ይጨምራል፤ ሁለቱን አዳብሎ የሚጽፍ አለ።

ከዚያ የዊኪፒዲያው ገጽ ላይ «ታሪክ» የሚለውን ተጫን፤ ምን መቼ እንደተጻፈ ያሳይሃል። ዓረፍተ ነገሩ የገባበት ቀን ምንጭ ተብሎ የተጠቀሰው ነገር ከታተመበት ቀን ከቀደመ፣ ምንጩ ራሱ ከዊኪፒዲያ ቀድቶ ሊሆን ይችላል። ሐሰት ለዓመታት ሳይነቃበት ሊቆይም ይችላል፦ ጃር ኤዶ ዌንስ የሚባል የአውስትራሊያ ነባር ሕዝቦች አምላክ ከ2005 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. እንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ እንዲህ ያለ አምላክ ግን ኖሮ አያውቅም። አዘጋጆቹ ስለ ጽሑፉ የሚነጋገሩበት የ«ውይይት» ገጽም ባዶ ሆኖ ካገኘኸው የተጣራ እንዳይመስልህ፤ ያየው ሰው የለም ማለት ሊሆን ይችላል።

ሌላው... እንዴት ልበልህ፣ ትክክል የሆነውም ቢሆን ለጥያቄህ አይመልስም። ልጆቹን የጠየቅኸው «ጦርነቱ ለምን ተነሣ?» ብለህ ነው፤ የቀዳኸው የጄኔራሎቹን አሰላለፍ ነው። የሚያስፈልግህ የውጫሌ ውል አንቀጽ 17 ነው፤ አማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ በጣልያን በኩል ከውጭ መንግሥታት ጋር መጻጻፍ ይችላሉ ሲል፣ ጣልያንኛው ግዴታ አደረገው። እሱ ያለው የውጫሌው ገጽ ላይ ነው።

ይህን ያህል ጊዜ ጠፍቶ በቀይ እስክሪብቶ ብቅ የሚል ወዳጅ ያሳፍራል፤ አውቃለሁ። ቢሆንም የታረመውን ከየካቲት 23 በፊት ላክልኝ። ከቀየርከውም አዲሱን ስልክህን ጨምርበት።